ሥጋና ብረት

ወልቂጤ ላይ ደህና ክትፎ የት እንደሚገኝ የሚጠይቅ ሰው እንግዳ መሆኑ ወዲያው ይታወቅበታል፤ የከተማው ሰው ሳይጠይቅ ወደ ወይዘሮ ዓለምዘውድ ቤት ነው የሚያቀናው። በዚያ የጥቅምት ቅዳሜ ከቡታጅራ የተነሡት ሦስት ሽማግሌዎችም ያቀኑት ወደዚያው ነበር። የመጡት ግን ለክትፎ አልነበረም። የወይዘሮ ዓለምዘውድን አንድያ ልጅ፣ መንበረን፣ ለኢዮብ ሊጠይቁ ነበር።

መንበረ ይህን ታውቃለች። ሐሙስ ዕለት ኢዮብ ራሱ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ፣ "ቅዳሜ ረፋዱ ላይ እናትሽን የሚፈልጉ ሰዎች ይመጣሉ" ብሏታል። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። እነሆ አሁን ከክትፎ ቤቱ ጀርባ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ባለው መኖሪያ ቤታቸው፣ የክፍሏን በር ገርበብ አድርጋ ቆማለች። ዕድሜዋ ሠላሳ አንድ ነው፤ ልቧ ግን እንደ አሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ልብ ይደልቃል። ለእናቷ ትንፍሽ አላለችም። ሴት ልጅ ሽማግሌ ሊመጣልኝ ነው ብላ ለእናቷ አትናገርም። ደግሞስ ወይዘሮ ዓለምዘውድ የኢዮብን ስም ሲሰሙ ፊታቸው እንደሚለዋወጥ እያወቀች፣ በየትኛው አፏ ትናገር?

በሩ ላይ ቆማ ሳለ የወጥ ቤት ሠራተኛዋ የሞላ የጋዝ ሲሊንደር ለማስገባት ስትታገል አየች። ራሷን ረስታ ወጣች። የለበሰችው እጅጌ የሌለው ቲሸርት ነበር። ጉልበቷን አጠፍ፣ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ፣ ልክ ኢዮብ እንዳስተማራት፣ ሲሊንደሩን ብድግ አድርጋ ትከሻዋ ላይ አወጣችው። ዘወር ስትል ሦስት ትልልቅ ሰዎች እጅ መታጠቢያው ጋ ቆመው ያዩዋታል። አንደኛው ጋቢ የለበሱ ናቸው፤ ወደ ጎናቸው ሰው ዘንበል ብለው በጆሮ አንድ ነገር አሉ። መንበረ ሲሊንደሩን የት እንዳስቀመጠችውና ክፍሏ እንዴት እንደገባች አታውቅም።

ከዚያ በኋላ ጠበቀች። እናቷ የሚጠሯት መሰላት። ጸጉሯን ሁለት ጊዜ ፈታች፣ ሁለት ጊዜ ሠራች። ስድስት ሰዓት ሲሆን የመጣችው ግን ቤዛ ናት፤ አስተናጋጅም የልብ ጓደኛም የሆነችው ቤዛ።

"ከቡታጅራ የመጡ ሰዎች አላየሽም?" አለች መንበረ።

"ጋቢ የለበሱ ሰውዬ አሉበት? አየሁ እንጂ። የወይዘሮ ዓለምዘውድ ቤት ይኼ ነው ወይ አሉኝ፤ ነው፣ ተቀመጡ አልኳቸውና ሁለት ስፔሻል አቀረብኩ። ከሌሊት ጀምሮ መንገድ ላይ ነበሩ መሰለኝ፣ ጥርግ አድርገው በሉ። እማማም መጥተው ጣፈጣችሁ ወይ ብለው ጠየቋቸው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ እርስ በርስ ተያዩ፣ ሂሳብ ዘጉ፣ ወጡ። ምነው፣ የምታውቂያቸው ናቸው?"

መንበረ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። አዩኝ፣ አለች በሆዷ። አዩኝና ሄዱ። ቤዛ ስትወጣ ተነሥታ ከቁም ሳጥኑ ውስጥ ያንን ሰፊ ሹራቧን አወጣችና፣ በዚያ ሙቀት፣ እስከ አንገቷ ድረስ ለበሰችው።

ይህን ለምን እንዳሰበች ለመረዳት ከሦስት ዓመት በፊት የነበረችውን መንበረ ማወቅ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ መቶ አራት ኪሎ ነበረች። ቅቤ ላይ ያደገች የክትፎ ቤት ልጅ ናትና ደንበኞች "የቤቱ ማስታወቂያ" እያሉ ይቀልዱባት ነበር፤ እሷም ከሁሉም ቀድማ ትስቃለች። አንድ ቀን አታት ሆስፒታል ሄዳ ስትመረመር ሐኪሙ የስኳሯን መጠን አይቶ ፊቱን ኮስተር አደረገ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ በእግሯ ሄደች፣ ቅቤና ለስላሳ ተወች፣ አርባ አንድ ኪሎ ከላይዋ ላይ ወረደ፣ ስኳሯም ተስተካከለ። እልል የሚልላት ግን አላገኘችም። "ምን ነካሽ?" ይላል አንዱ። "አመመሽ እንዴ?" ይላል ሌላው። ቆዳዋ ክንዷና ሆዷ ላይ ረግቦ ቀረ፤ ጉልበቷም አብሮ ሄደ፤ አንድ ጥቅል ቆጮ ለማንሣት ትንፋሿ ይቆራረጥ ጀመር። ደስ ሊላት ሲገባ ከበፊቱ በሰፋ ልብስ ውስጥ ተደበቀች።

የኢዮብን ጂም በር ያንኳኳችው ያኔ ነው። ጂም ይባል እንጂ የድሮ የእህል መጋዘን ነው። ኢዮብ በሙያው በያጅ ነው፤ ቡታጅራ ውስጥ ጋሽ አብዶ የሚባሉ ሰው ጋራዥ ብየዳ ተምሮ፣ ወልቂጤ መጥቶ፣ ብረቱን ሁሉ በገዛ እጁ ሠራ። ዳምቤሎቹ ሲሚንቶ የተሞሉ የቀለም ቆርቆሮዎች ናቸው። ከባዶቹ ብረቶች ከአሮጌ የጭነት መኪናዎች ሞተር የወጡ ክብ ቮላኖዎች ናቸው። ከላይ እስከ ታች አያትና እንደሌላው ሰው ምን ነካሽ አላለም።

"ከስተሻል፣ ጎበዝ። አሁን ደግሞ እንሥራሽ" አላት።

መንበረ ክንዷ ላይ የተንጠለጠለውን ቆዳ ይዛ፣ "ይኼ ይጠፋል?" ብላ ጠየቀችው። ኢዮብ ክንዷን አይቶ መለሰላት።

"ሁሉም አይጠፋም። አልዋሽሽም። ውስጡን ግን ሥጋ እንሞላዋለን።"

ያን ቀን ቤቷ ገብታ አለቀሰች። በሁለት ዓመት ውስጥ እውነቱን የነገራት ሰው እሱ ብቻ ነበር።

ደብተር ከፈተላት። በየገጹ ያነሣችውን ኪሎ ይጽፋል፤ ከታች ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አለ፦ ዛሬ ምን በላሽ? መንበረ መብላት ፈርታ ነበር፤ አንድ ጉርሻ ያንን ሁሉ ኪሎ መልሶ የሚጭንባት ይመስላት ነበር። "ሳትበዪ ጡንቻ ከየት ይመጣል?" ይላታል ኢዮብ። "እናትሽ ክትፎ ቤት አይደለም እንዴ ያላቸው? ቅቤውን ቀንሺና ቀዩን ሥጋ ብዪ።" በላች። አነሣች። በስድስተኛው ወር አንድ ማለዳ መስታወት ፊት ቆማ ክንዷን ስታጥፍ፣ ከቆዳው ሥር አንድ ነገር ብቅ ሲል አይታ ደነገጠች። በጣቷ ነካችው፤ ጠንካራ ነው። የራሷ ነው። ወደ ጂም እየሮጠች ሄዳ ያሳየችው ለእሱ ነበር፤ እሱም ተመለከተና፣ ከዚያ ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ ጠፋው። እሷም ጠፋት።

በደብተሩ ላይ ያለው ጥያቄ ከዚያ ቀን በኋላ ረዘመ። ዛሬ ምን በላሽ? ተኛሽ? ሳቅሽ? መልሷም ረዘመ። በአፋቸው አንዲት ቃል ሳይወጣ ደብተሩ ውስጥ ተዋደዱ።

ወይዘሮ ዓለምዘውድ የሚያውቁት ግን አንድ ነገር ነው። ልጃቸው ወፍራምና ደስተኛ ነበረች፤ አሁን ከስታለች፤ በየማለዳው የምትሄደው ደግሞ እዚያ በያጅ ዘንድ ነው። "ልጄን ያከሳት እሱ ነው" ይላሉ ላገኙት ሁሉ። ከስታ እንደሄደችለትና እሱ ጋ ደርሳ አምስት ኪሎ እንደጨመረች ቢነገራቸውም አይሰሙም።

እንግዲህ መንበረ ቅዳሜና እሑድን በዚያ ሹራብ ውስጥ አሳለፈች። ስልኳንም አጥፍታ ትራሷ ሥር ከተተችው፤ ኢዮብ ደውሎ "ሰዎቹ አልወደዱሽም" ሲል መስማት አልፈለገችም። ሰኞ ማለዳ ቤዛ የታጠፈ ወረቀት አምጥታ እጇ ላይ አስቀመጠችላት። "ጂሙ በር ላይ አይሱዙ ቆሟል" ብቻ አለቻት። ጽሑፉ የኢዮብ ነው።

"መንበረ፣

ሽማግሌዎቹን የመሩት ጋሽ አበራ ቅዳሜ ማታ ደውለው 'አልሆነም፣ ተወው' አሉኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም፤ ሽማግሌ ይህን አይጠየቅም። ስልክሽንም ዘግተሻል፣ ገብቶኛል። እናትሽን አልቀየምም። እንዳንቺ ያለች ልጅ ብትኖረኝ እኔም ለበያጅ ከመስጠቴ በፊት ደጋግሜ አስብ ነበር። አንድ ነገር ግን ሳልነግርሽ አልሄድም። አንቺ በዚያ በር ስትገቢ የቀኑ ድካም ሁሉ ይጠፋልኝ ነበር። ዛሬ ዕቃዬን ጭኜ ቡታጅራ እገባለሁ። ልምምዱን አትተዪ። ትከሻሽን አትሸፍኚ፣ ዓመት ሙሉ የለፋሽበት ነው። ደግሞ ብዪ።

ኢዮብ"

መንበረ ሁለት ጊዜ አነበበችው። አልሆነም? ማን ጠይቆ ማን ከለከለ? ፊቷ ጋለ። ሹራቡን በራሷ ላይ አውልቃ አልጋው ላይ ወረወረችው፣ ደብተሯን ያዘችና ወደ ክትፎ ቤቱ ገባች።

ወይዘሮ ዓለምዘውድ ከቀይ ሥጋ ላይ ጅማት እየለዩ ነበር።

"እማዬ፣ ቅዳሜ ሽማግሌ መጥቶብሽ ነበር?"

"የምን ሽማግሌ?"

"ከቡታጅራ። ጋቢ የለበሱ ሰውዬ ያሉበት። ሁለት ስፔሻል የበሉት።"

የእናትየው ቢላዋ አየር ላይ ቆመ። ቅዳሜን በሐሳባቸው መልሰው አዩትና ሳቃቸው መጣ።

"እነዚያ ናቸው ሽማግሌ? ሽማግሌማ ጉዳዩን ሳይናገር፣ እሺ ሳይባል፣ ከሄደበት ቤት ውሃ አይቀምስም። እነዚያ ሰዎች እኮ ጣባውን ነው የላሱት።"

"ቤዛ ናት ሳይጠይቁ ያቀረበችላቸው። ርቧቸው በሉ። ከበሉ በኋላ አፍረው መጠየቅ አቃታቸው። እማዬ፣ ምንም ሳይናገሩ ነው የሄዱት።"

"ለማን ነበር የመጡት?"

"ለኢዮብ።"

ሳቁ ከወይዘሮ ዓለምዘውድ ፊት ላይ ጠፋ። ቢላዋውን አስቀመጡ።

"እንኳንም በሉ። ቅቤዬ አፋቸውን ዘጋልኝ። ልጄን ለሚያከሳት ሰው አልሰጥም።"

"እሱ አይደለም ያከሳኝ።"

"ስሚ፣ መንበረ። አባትሽ ሲሞት ልጅ ነበርሽ። ሰው ታሞ ሞተ ይላል። እኔ ያየሁት ሲከሳ ነው። በየቀኑ ይከሳል። በስተመጨረሻ ቀና ላደርገው ትከሻውን ስይዘው እጄ ላይ የመጣልኝ አጥንት ብቻ ነው። ያን አጥንት እጄ እስከ ዛሬ አልረሳውም።" እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ፤ ጠርገውም ደግመው ጠረጉ። "አንቺ ከከሳሽ ወዲህ አንድ ቀን አቅፌሽ አውቃለሁ?"

መንበረ አሰበች። እናቷ ሳህን ያቀብሏታል፣ ይቆጧታል፣ ደጅ ቆመው ይጠብቋታል። ማቀፍ ግን፣ እውነት ነው፣ ከሦስት ዓመት ወዲህ አልነበረም። እናቷ የተቆጡ መስሏት ኖራለች፤ የፈሩ አልመሰላትም።

"እማዬ፣ ያለ አንቺ እሺታ የትም አልሄድም" አለች፣ ደብተሩን ከሥጋው ራቅ አድርጋ እያስቀመጠች። "ግን ይኼን አንብቢው። እኔ ሄጄ ላስቆመው ነው። ማንም ሳይከለክለው ተከልክያለሁ ብሎ አይሄድም።"

ባጃጅ አልጠበቀችም። ያንን ዳገት፣ ድሮ ሁለት ቦታ ቁጭ ብላ የምትወጣውን፣ ሳትቆም ሮጠችው። ሱቅ የሚከፍቱ ሰዎች ዘወር ብለው አዩዋት፤ ይዩኝ አለች። ጭኗ ታዘዛት፣ ደረቷ ታዘዛት፤ በዚያ ሁሉ ጭንቀት ውስጥ ደስ የሚል ነገር ሽው አለባት።

አይሱዙው መጋዘኑ በር ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ኢዮብ አንድ ቮላኖ ጭኖ ወደ ውስጥ ሲመለስ ደረሰች። አልጠራችውም። የጫነውን ቮላኖ ሳበችና መሬት ላይ አወረደችው። ቀጥላ ሌላውን። ኢዮብ ሁለት ዳምቤል ይዞ ሲወጣ የጫናቸው ብረቶች እግሩ ሥር ተደርድረው አገኛቸው።

"ምን እየሠራሽ ነው?"

"እያወረድኩ።"

"መንበረ፣ ተዪ።"

"አንተ ጫን፣ እኔ አወርዳለሁ። ማን ቀድሞ እንደሚደክም እናያለን።"

ከመኪናው ጠርዝ ላይ ትልቁ ብረት ከነቮላኖዎቹ ተጋድሟል፤ ሰባ ኪሎ ነው። ከዚያ በፊት ከስልሳ አምስት አልፋ አታውቅም። ዞራ ትከሻዋን ከብረቱ ሥር አስገባች፣ ብድግ አድርጋውም ሁለት እርምጃ ከመኪናው ራቀች። ኢዮብ ዳምቤሎቹን ጥሎ ሮጠ፤ ዓመት ሙሉ እንደለመደው ከኋላዋ ቆመ፣ እጆቹን በጎንና በጎኗ ዘረጋ፣ ሳይነካት።

"አውርጂውና እናውራ።"

"አላወርድም። ካወረድኩት ትሄዳለህ፤ እንደዚህ ሆኜ ግን ጥለኸኝ አትሄድም። ስማኝ።" ትንፋሿን ሳበች። "ማንም አልከለከለህም። ሽማግሌዎችህ እኛ ቤት ገብተው ክትፎ በልተው ወጡ። አፍረው ነው 'አልሆነም' ያሉህ። አልተጠየቅሁም፣ ኢዮብ። እናቴም አልተጠየቀችም።"

ኢዮብ ከኋላዋ ቀረብ አለ። ትንፋሹ አንገቷ ላይ ይመጣል።

"ስልክሽስ?"

"ሰዎቹ ሲሊንደር ተሸክሜ አይተውኝ ነበር። ጠልተውኝ የሄዱ መስሎኝ ነው።"

"ማን ነው አንቺን የሚጠላሽ?" አለ ኢዮብ። "እኔኮ በየቀኑ ሳይሽ ነው የምውለው። ክንድሽን፣ ቆዳሽን፣ ሁሉንም። አንድ ቀን የጠላሁት ነገር የለም፣ መንበረ። ስትመጪ እወድሻለሁ፣ ስትሄጂ እወድሻለሁ። አሁን በእግዚአብሔር አውርጂው።"

"ድገመው።"

"እወድሻለሁ።"

በቀስታ ወደ መኪናው አፈግፍጋ ጉልበቷን አጠፈችና ብረቱን መልሳ ጠርዙ ላይ አሳረፈችው። ዞረች። ተያዩ። ሁለቱም ያለቅሳሉ፣ ሁለቱም ይስቃሉ፤ የትኛው እንደሚቀድም አልታወቃቸውም።

ከመኪናው ጋቢና በኩል የሳል ድምፅ መጣ። ጋሽ አብዶ ናቸው፤ የአይሱዙው ባለቤት፣ ኢዮብን ብየዳ ያስተማሩት፣ ከሦስቱ ሽማግሌዎችም አንዱ። ኮፍያቸውን እያስተካከሉ ወረዱ።

"አፉ በሉኝ ልጆቼ፣ የኔም ጥፋት አለበት" አሉ። "ጋቢ የለበሱት ጋሽ አበራ በመንገድ ላይ 'ይኼ ነገር ከዚህ መኪና እንዳይወጣ' አሉን። ሽማግሌ የሽማግሌን ገመና አያወጣም ብዬ ዝም አልኩ። ሲሊንደሩን ስታነሺ ደግሞ በጆሮዬ ያሉኝን ልንገርሽ? 'ይቺ ልጅ ቤት ታቆማለች' ነው ያሉት።"

መንበረ አፏን በእጇ ያዘች።

"ጋሽ አብዶ፣ እርስዎም በልተዋል?" አለ ኢዮብ።

ጋሽ አብዶ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱና እዚያው ላይ ቀሩ። ቀስ ብሎ ፈገግታ ጢማቸው ውስጥ ተነሣ።

"ወላሂ አልበላሁም። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ የክርስቲያን ሥጋ መች እበላለሁ? ልጅቱ ለስላሳ አመጣችልኝ፤ ጉዳያችንን ሳንናገር ብዬ አልከፈትኩትም። አልሐምዱሊላህ፣ የኔ አፍ ንጹሕ ነው።" ወደ ኢዮብ ዞሩ። "ውሃ አምጣ፣ እጄን ልታጠብ። የተላክሁበትን ገና አላደረስኩም።"

ክትፎ ቤቱ ሲደርሱ ደንበኞች መግባት ጀምረዋል። እንደ ልማዱ ኢዮብ ከግቢው ውጭ ቀረ። ጋሽ አብዶ ገብተው ከበሩ አጠገብ ቆሙ። ቤዛ ወንበር ሳበችላቸው፤ አልተቀመጡም። ውሃ አመጣችላቸው፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "በኋላ፣ ልጄ" አሏት። ነገሩ የገባቸው ደንበኞች መብላት አቆሙ።

ወይዘሮ ዓለምዘውድ ባንኮኒው ጀርባ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ደብተሩ ፊታቸው ተከፍቷል። በአጠገባቸው ያለው ሥጋ ካስቀመጡት አልተነካም።

"ወይዘሮ ዓለምዘውድ፣ ቅዳሜ ሦስት ሆነን መጥተን ነበር" አሉ ጋሽ አብዶ። "ሁለቱ ወንድሞቼን ምግብዎ አሸነፋቸው። እኔ ግን ከቤትዎ ምንም አልቀመስኩም። ስለዚህ ልናገር?"

እናትየው ከደብተሩ ቀና አላሉም። "ልጁ የት ነው?"

"ውጭ ነው። መግባቱ ልማድ አይደለም።"

"ይግባ።"

ኢዮብ ገባ፤ እጁ ላይ የብረት ዝገት አለ። መንበረ ከጋሽ አብዶ ጀርባ ሆና የእናቷን ከንፈር ታያለች።

"አንተ ነህ በየቀኑ ልጄን ምን በላሽ የምትላት?"

"አዎ፣ እማማ።"

"እዚህ ጋ፣ ሰኔ አሥራ አራት፣ ምን በላሽ ብለሃታል። 'ምንም፣ ዛሬም አመመሽ ወይ አሉኝ' ብላ መልሳለች። ቀጥሎ ያለው ሦስት ቀን ባዶ ነው። ምን አደረግህ?"

"ከልምምድ ቀረች። እኔ እዚህ መግባት አልችልም። እንቁላል እየቀቀልኩ በቤዛ እልክላት ነበር፣ ሦስቱንም ቀን።"

ወይዘሮ ዓለምዘውድ ወደ ቤዛ ዞሩ። "ያ በላስቲክ ታመጪው የነበረው እንቁላል?"

"እማማ፣ እኔ ነኝ የገዛሁት ያልኩት ውሸቴን ነው" አለች ቤዛ፣ ትሪውን ደረቷ ላይ ለጥፋ።

እናትየው መነጽራቸውን አወለቁ። ከባንኮኒው ጀርባ ወጡና ሰዉን ሁሉ አልፈው ልጃቸው ፊት ቆሙ። እጃቸውን አነሡ፤ ግማሽ ላይ አቆሙት። መንበረ አልተንቀሳቀሰችም። በመጨረሻ ጣታቸው ትከሻዋ ላይ አረፈ፤ የሚያቃጥል ነገር እንደነኩ ሁሉ እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ከዚያ መልሰው ያዙት።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሥጋን በጣታቸው ዳብሰው የሚመርጡ ሴት ናቸው። ትከሻዋን ጫን አሉት። ክንዷን ያዙ፣ ረገብ ያለውን ቆዳ አልፈው ከሥሩ ያለውን ጨመቁት። ወደ ጀርባዋ ዞሩ፣ በሁለት እጃቸው። መንበረ የእናቷ ትንፋሽ ሲለወጥ ሰማችው።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ሥጋ ነው፣ እማዬ።"

"ጠንካራ ነው።"

"አዎ፣ ጠንካራ ነው።"

"አጥንት አይደለም" አሉ ወይዘሮ ዓለምዘውድ፤ ለማንም አልነበረም። "አጥንት አይደለም፣ አለሽ ለካ፣ ልጄ አለሽ" ብለው ጎትተው አቀፏት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ያላቀፏትን ሁሉ ባንድ ጊዜ። ለቅሷቸው ክትፎ ቤቱን ሞላው። መንበረም በቁሟ አለቀሰች፣ እናቷን ከመሬት ልታነሣቸው እስክትደርስ አጥብቃ ይዛ።

ጋሽ አብዶ ጥቂት ታግሠው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እኔ እንግዲህ ገና ቆሜያለሁ" አሉ።

ወይዘሮ ዓለምዘውድ ልጃቸውን ሳይለቁ፣ በልጃቸው ትከሻ ላይ አሻግረው ኢዮብን አዩት፤ የዛገ እጁን፣ የቀላ ዓይኑን። ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

"በእኔ በኩል እሺ ብያለሁ፤ የሚያበላት ሰው አግኝታለች" አሉ። "እሷን ግን ራሷን ጠይቋት።"

ጋሽ አብዶ ወደ መንበረ ዞሩ። እንዲህ ሲሆን ሴት ልጅ አንገቷን ትደፋለች፤ ዝምታዋም ለመልስ ይበቃል። መንበረ ግን ዕድሜዋን ሙሉ፣ መጀመሪያ በሳቅ ኋላም በሰፊ ልብስ፣ ስትደበቅ ኖራለች፤ ዛሬ በቃት። ከእናቷ እቅፍ ሳትወጣ፣ እጅጌ በሌለው ቲሸርቷ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ኢዮብን እያየች "እሺ፣ እፈልገዋለሁ" አለች። ድምፅዋ እስከ ደጅ ተሰማ። እልልታው ቀጥሎ ነው የመጣው፤ እሷ ግን አልሰማችውም፤ ጆሮዋ ላይ የቀረው የገዛ ድምፅዋ ነበር፣ በጣምም ደስ አላት።